በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ተማሪዎች የትኛውን ግለ ታሪክ፣ የትኛውን ልብ ወለድ እንግዛ?

መምህርት ከአዘዞ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከዚሁ ጋር አርባ ያህል ተማሪዎች የታቀፉበትን የንባብ ክበብ እመራለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቻችን ለክበቡ መጽሐፍ መግዣ ይሁን ብለው ገንዘብ አዋጥተው ሰጥተውናል። አሁን ባለው የመጽሐፍ ዋጋ ግን ገንዘቡ ከሠላሳ መጻሕፍት የሚያልፍ ስላልሆነ፣ አንዱን በመረጥኩ ቁጥር ሌላውን ማስቀረቴ እየከነከነኝ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ክርክሩ የተነሣው ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገንዘቡ በሙሉ ለሕይወት ታሪክና ለግለ ታሪክ መጻሕፍት እንዲውል ይፈልጋሉ። ልብ ወለድ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክርበት ከደራሲው ልብ የተወለደ ነውና፣ ልጆቹ ሥጋ ለብሶ የኖረ ሰው ያለፈበትን ቢያነቡ ይሻላቸዋል ባይ ናቸው። እኔን አንባቢ ያደረገኝ ግን ልብ ወለድ ነው። ደግሞም አምና የአንድ ባለሥልጣንን የትዝታ መጽሐፍ ለአሥረኛ ክፍል ልጆች አውሼ ነበር፤ መጽሐፉ ስድስት ልጆች ጋ ዞሮ ሲመለስልኝ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ጠርዝ ወይቦ፣ የቀረው ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። ጥፋቱ የልጆቹ ነው ለማለት አልደፈርኩም።

ሌላም ጉዳይ አለ። ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ነው፤ ሐውልታቸውን ፒያሳ ላይ እያዩ ስለሚያድጉ አያስደንቅም። ባለፈው ወር ታዲያ አንዱ ተማሪ «ጀግና ናቸው» ሲል ሌላዋ «የኛን ከተማ ያቃጠሉትስ?» ብላ መለሰችለት፤ ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ ደወል እስኪደወል ተከራከረ። ለእንዲህ ያለ ክርክር የሚሆን መጽሐፍ የትኛው ነው? ለየትኛው ክፍልስ ምን ይስማማል? የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጡረተኛው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

መምህርት ሆይ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሳውስና ስመልስ ስለ ኖርኩ፣ የወየበውን ጠርዝ ነገር ሲጽፉ ፈገግ አልኩ፤ ከውሰት መዝገብ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው።

ባልደረባዎ የሕይወት ታሪክ ይቀድማል ማለታቸው ላያስከፋ ይችላል፤ ነገር ግን የሕይወት ታሪክ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ ለወጣት የሕይወት ታሪክ ስመርጥ በመጀመሪያ የማየው ባለ ታሪኩ በመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ነው። ብዙዎቹ የባለሥልጣናት ትዝታዎች ልጅነትን በሦስት ገጽ ጠቅልለው ወደ ሹመትና ሽረት ስለሚገቡ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ራሱን የሚያይበት ሥፍራ አያገኝባቸውም። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ከዚህ የተለየ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1999 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ወደ ዐድዋ የዘመተን፣ ከጦርነቱ በኋላም ወደ ሩስያ ተወስዶ በባዕድ አገርና በባዕድ ቋንቋ መካከል ያደገን ልጅ ይተርካል። ያ ልጅ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ሰው መሆኑ ለአንባቢው የኋላ ኋላ የሚደርስ ዜና ነው፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ግን የሚፈራና የሚናፍቅ ልጅ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ስለ ሆነ ሁሉንም ያንብቡ አይበሏቸው፤ እስከ ሩስያ መልስ ያለው ለክበብዎ ይበቃል።

በዚያው ሚዛን የጄኔራል ጃጋማ ኬሎን የሕይወት ታሪክ ፍቅረማርቆስ ደስታ ጽፎታል፤ ጣልያን አገራችንን ሲወር ጃጋማ የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩና ዘጠነኛ ክፍል ያለ ተማሪ ዕድሜውን ከዕድሜያቸው ጋር እያስተያየ ያነበዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ግን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ይቆይ። ደራሲው ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ዘምተው ተማርከው ጣልያን አገር ታስረው የኖሩበትን ዘመን ሲጽፉ ረጋ ብለው ነው፤ እርጋታቸውን ለመውደድ አንባቢውም ትንሽ መብሰል አለበት።

ወደ ቴዎድሮስ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለጎንደር ልጅ ቴዎድሮስ ሩቅ ንጉሥ አይደሉም። ከቋራ ተነሥተው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት፣ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠሉትና ያዘረፉት፣ በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የገደሉት አንድ ሰው ናቸው። ሐውልቱም ቃጠሎውም የኛው ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ የጠየቀችው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱን አንድ መጽሐፍ ብቻውን አይሰጣትም። እኔ ብሆን ሁለት መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጥ ነበር፦ አንደኛው ልብ ወለድ፣ ሁለተኛው ዜና መዋዕል። ከልብ ወለዱ ወገን የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለ፤ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ና «የታንጉት ምሥጢር» አሉ። ብርሃኑ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ፣ ተወልዶ ያደገውም እዚሁ ጎንደር ነውና ልጆቹ ደራሲ የሚባለው ፍጡር በሰፈራቸው በኩል ማለፉን ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። ከዜና መዋዕሉ ወገን ደግሞ አለቃ ዘነብ የጻፉት አለ፤ በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ የተጻፈ፣ አጭርና ለዛ ያለው ነው። ዘነብ ትረካቸውን የሚያቆሙት ከንጉሡ ፍጻሜ፣ ከጎንደርም ቃጠሎ አስቀድመው ስለ ሆነ፣ ልጆቹን «ጸሐፊው እዚህ ባያቆም ኖሮ ቀጥሎ ምን ይጽፍ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። ሰውየው ንጉሡን ይወዳሉ፤ ጥያቄው የሚከብደውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙም ብዙዎቹ ለንደን ገቡ። የንባብ ክበብ አባል የሆነ ልጅ የከተማውን መጻሕፍት ጉዞ ሳያውቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ባይጨርስ እመርጣለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ነርስ

የጋሼን መልስ በአክብሮት አነበብኩት፤ የቴዎድሮሱ ምክር ለኔም ጠቅሞኛል። ሆኖም ከተዘረዘሩት የሕይወት ታሪኮች ሁሉ ጦርነት የሌለበት አንድም የለም። ልጆቻችን ባለፉት ዓመታት የጥይት ድምፅ ከርችት ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ሆነዋል፤ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ታላቅ ሰው ማለት የገደለ ወይም የተገደለ ሰው ይመስለዋል። ይህን ያስተማረው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፍ መደርደሪያችንም ጭምር ነው።

ስለዚህ መምህርት፣ ከዝርዝርዎ ውስጥ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» እንዳይጠፋ አደራ እላለሁ። መንግሥቱ ለማ አባታቸው በእርጅና ዘመናቸው የተናገሩትን መዝግበው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው፤ ተራኪው ሊቅ ናቸው፤ የሚተርኩትም የቆሎ ተማሪን ኑሮ፣ ረኀቡን፣ ውሻውን፣ የቅኔ መምህሩን ቍጣ ነው። እዚህ ከተማ በባዕታ አቋቋም የሚማሩትን ልጆች በየጎዳናው እያየን ሕይወታቸውን አናውቀውም። ልጄ ግማሹን ካነበበ በኋላ አንድ ቀን ደጃችን የቆመውን የቆሎ ተማሪ «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁት፤ ከዚያ በፊት ሰላም ብሎትም አያውቅም ነበር።

ስለ ሴት ልጄም ላንሣ። የሴቶች የሕይወት ታሪክ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ ቢገኝም እናትነትንና ትዕግሥትን አወድሶ የሚያበቃ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ያወቀችው በ«የልቤ መጽሐፍ» ነው፤ ግለ ታሪክ ሳይሆን ግጥምና ተውኔት ነው፤ ነገር ግን ጣልያን አገር በግዞት የታሰረች፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመራች፣ በ1950 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆና የተመረጠች ሴት መኖሯን ስነግራት «ታዲያ የሷን ታሪክ በወፍራሙ ማን ጻፈው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ

መምህራኑንና ወላጆቹን አከብራለሁ፤ እኔ ግን የማውቀው ልጅ በራሱ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ነው። ጋሼ ምናልባት ይቈጡኝ ይሆናል፤ እኔ ዘንድ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንባቢ ያልሆነ ልጅ የሚፈልገው «ዴርቶጋዳ»ን ነው። የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ የጣናን ገዳማትና ምሥጢራዊ ሳይንስን ያገናኘ ነው፤ ለልጁ በአቅራቢያው ባለው ሐይቅ ላይ ያን የሚያህል ነገር መፈጸሙ ያስደንቀዋል። ወጥነቱንና ቋንቋውን ሊቃውንት ይተቹ፤ እኔ የማየው ግን መጽሐፉን የወሰደው ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ «እንዲህ ዓይነት ሌላ አለ?» ማለቱን ነው። ያን ጊዜ ነው ሌላውን የምሰጠው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በተመለከተ ምክሬ የተለየ ነው። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ሁሉም ሰው ለልጁ ይገዛዋል፤ ብዙ ልጅ ግን ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ትዳር አያልፍም፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እስኪገናኙ መታገሥ ያቅተዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ድምፅ በስልካቸው ቢያሰሟቸው ግን ጉዱ ካሳ ሲናገር የሚስቀው ልጅ መጽሐፉን ራሱ ይፈልገዋል። እኔም ያነበብኩት ሰምቼው ነው።

ደግሞ ሲገዙ ይጠንቀቁ። ከገበያው የሚገኙት የታወቁ ልብ ወለዶች ብዙዎቹ በፎቶ ኮፒ የተባዙ ናቸው፤ ዋጋቸው ይረክሳል፤ ነገር ግን ገጽ ይዘላሉ፣ ሙጫቸውም ሁለት አንባቢ አይችልም። የራሴን ሸቀጥ ላጣጥል አልፈልግም፤ ቢሆንም ሲገዙ የገጽ ቍጥሩን አንድ በአንድ ይቍጠሩ። ሠላሳ ዓይነት ከሚገዙም ከአሥር ዓይነት ሦስት ሦስት ቅጂ ቢገዙ ይሻላል፤ አንድ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ያነበቡ ሦስት ልጆች የሚያወሩት አያጡም።

ጡረተኛው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

አልቈጣም። ሦስት ሦስት ቅጂ ያሉትን እኔ ሳልናገረው በመቅረቴ አፍሬአለሁ። «ዴርቶጋዳ»ን ግን ለክበቡ አልገዛም ነበር፤ ምክንያቴ መጽሐፉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ልጆቹ እርስዎ ዘንድ መጥተው በራሳቸው ያገኙታል፤ የተዋጣው ገንዘብ ብቻቸውን ለማያገኙት ይዋል። የወይዘሮዋ ነቀፋም ልክ ነው፤ ዝርዝሬን የጻፍኩት ጦር ሜዳ ብቻ እያየሁ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ

የታላላቆቼን ንግግር ማቋረጥ ከሆነብኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ እኛ እየተነጋገራችሁ ስለ ሆነ አንድ ሁለት ቃል ልናገር ብዬ ነው።

መጽሐፉ ማንኛውም ይሁን፣ ካነበብን በኋላ «ጭብጡንና መልእክቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» ከተባልን ከመጽሐፉ ይልቅ ያን አንድ ገጽ እያሰብን እናነባለን፤ ከዚያም ከሌላ ተማሪ እንገለብጣለን። ደግሞም መጽሐፍ ጀምሮ መተው ቢፈቀድልን መልካም ነው። እኔ ሦስት ትቼ አራተኛውን በሁለት ሌሊት ጨርሻለሁ።

አራተኛውን ያነበብኩት ስለ ተርጓሚው ስለ ነቢይ መኰንን ከሰማሁ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ አንድ ወፍራም የውጭ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መተርጎሙን መምህራችን ሲነግሩን፣ ትርጕሙን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ፈልጌ አነበብኩ። ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ እኔ ግን በየገጹ ወረቀቱን አስብ ነበር። ስለዚህ ልብ ወለዱን ስትሰጡን የጸሐፊውን ወይም የተርጓሚውን ሕይወት ንገሩን፤ ያኔ ሁለቱንም ያነበብን ያህል ይሆናል።

መምህርት ከአዘዞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ፣ አላቋረጥሽም ወይም አላቋረጥክም፤ የአንድ ገጹን ጽሑፍ የማዘው እኔም ነኝና ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ቀርቷል። ባልደረባዬም ይህን ገጽ አንብበው «ተርጓሚው የታሰረ ከሆነ እንግዲህ ልብ ወለዱንም እንቀበል» ብለዋል፤ ቀልድ ይሁን ዕርቅ ገና አልለየሁም።

አሥር ዓይነት፣ ሦስት ሦስት ቅጂ እንዲሆን ወስኛለሁ። አለቃ ለማ፣ ተክለ ሐዋርያትና ጃጋማ ከሕይወት ታሪኩ ወገን ገብተዋል፤ ቴዎድሮስን በተመለከተ «የታንጉት ምሥጢር»ንና የአለቃ ዘነብን ዜና መዋዕል አብሬ እይዛለሁ፤ «የልቤ መጽሐፍ»ም ከተገኘ ይገዛል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ስላለ የምፈልገው የወጋየሁን ድምፅ ብቻ ነው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ግን እያነሣሁ እያስቀመጥኩ ነው፤ መጽሐፉም ጦርነት፣ የደራሲውም ዕጣ በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ መቅረት ነው። የእናቲቱን ቃል ካነበብኩ ወዲህ እጄ ከብዶኛል፤ የተማሪውን ምክር ስሰማ ደግሞ የጸሐፊውን ሕይወት ከመጽሐፉ ጋር የሚያስነግር ከዚህ የተሻለ የት አገኛለሁ እላለሁ። ቅዳሜ ፒያሳ ስወርድ የገጽ ቍጥሩን ቈጥሬ አንድ ቅጂ ለራሴ እገዛለሁ፤ እንደገና ካነበብኩት በኋላ እወስናለሁ።