ፓታክሰንት ወንዝ ላይ ከልጆች ጋር ሸርጣንና አሳ ማጥመድ፦ ምን ልያዝ?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት ላይ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቼን ይዤ ሸርጣን ማጥመድ አስቤያለሁ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ጀልባም ዕቃም የለንም። ጆርጅታውን አጠገብ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ይሆናል ወይስ ራቅ ማለት አለብን? የዶሮ አንገት በሲባጎ አስሮ መጣል ይበቃል ይባላል፤ ግን ሸርጣኑ ከውሃው ሊወጣ ሲል ለቆ ይወድቃል አሉኝ። መፍትሔው ምንድን ነው? ላይሰንስስ ያስፈልጋል?

ፓታክሰንት ዳር
እህቴ፣ ጆርጅታውን ድረስ አትድከሚ። እዚያ ፖቶማክ እንደ ባሕር ከፍ ዝቅ ቢልም ውሃው ጨው የለውም፤ ሸርጣን የሚበዛው ጨው በተቀላቀለበት፣ ወንዙ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚቃረብበት በኩል ነው። ሶሎመንስ ሂዱ። ፓታክሰንት ከቼሳፒክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ፒር (ወደ ውሃው የገባ ድልድይ መሰል መቆሚያ) አለው፣ በመኪና ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ለአንድ ልጅ ሁለት ሲባጎ ይበቃል፤ ሦስተኛው ከተጨመረ ይጠላለፋል። እያንዳንዱ 6 ሜትር ይሁን። ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ የብረት ዳዶ እሰሪ፣ ክብደት ከሌለው ውሃው አንገቱን እያንሳፈፈ ይወስደዋል። አንገቱን ከዳዶው በላይ አጥብቀሽ ሁለት ጊዜ ጠምጥመሽ እሰሪው። የደረት ሥጋ አይሆንም፣ ሸርጣኑ በደቂቃዎች ቦጫጭቆ ይጨርሰዋል፤ አንገት ግን ጅማትና አጥንት ስላለው ይቆያል። 2 ኪሎ አንገት ለግማሽ ቀን ይተርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሲባጎውን እስከ ወንዙ ወለል ድረስ ልቀቂው፣ ትንሽ ላላ አድርገሽ ሌላውን ጫፍ ከፒሩ አጥር ላይ እሰሪ፣ 5 ወይም 10 ደቂቃ ጠብቂ። ላልቶ የነበረው ሲባጎ ከተወጠረና ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሸርጣን ይዞታል። ልጁ በሁለት ጣቱ ብቻ፣ ስንዝር በስንዝር ይሳበው። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሲደሰቱ በአንድ ጊዜ መንጨቅ ያደርጉታል፣ ሸርጣኑም ይለቃል። መንጠቆ የለም እኮ፣ ሸርጣኑ የሚመጣው ምግቡን አልለቅም ብሎ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ጥቁር ጥላ ብቅ ሲል፣ የውሃው ፊት ላይ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ማቆም ነው። ከውሃ ፈጽሞ አይውጣ። ሌላው ሰው መረቡን ራቅ አድርጎ ውሃ ውስጥ ያስገባና ከሥሩ አምጥቶ ወደ ላይ ያፍሰዋል። ሸርጣን ሲደነግጥ ወደ ታችና ወደ ጎን ነው የሚሸሸው፣ ስለዚህ ከላይ የመጣ መረብ ሁልጊዜ ያመልጠዋል። የመረቡም ጥላ አንገቱ ላይ አይረፍ።

መረቡ ረጅም እጀታ ያለው፣ ከሽቦ የተሠራ ይሁን። የናይለን መረብ እግሩን ሁሉ ይተበትበዋል፣ አንዱን ለመፍታት ሩብ ሰዓት ይሄዳል፣ ልጆቹም ይሰለቻሉ።

የሶሎመንስ ወዳጅ
ላይሰንስን በተመለከተ፦ በሲባጎና በእጅ መረብ ከፒር ላይ ሸርጣን ለማጥመድ ሜሪላንድ ላይሰንስ አትጠይቅም። ለአሳ ከ16 ዓመት በታች ያሉት ነጻ ናቸው፤ አንቺ ራስሽ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ይዘሽ ካጠመድሽ ግን ያስፈልግሻል፣ በነጻዎቹ ቀናት (የጁን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4) ካልሆነ በቀር።

ማስመሪያ አትርሺ። ከጁላይ 15 ጀምሮ ወንዱ ሸርጣን ከቅርፊቱ የግራ ሾህ ጫፍ እስከ ቀኙ ሾህ ጫፍ ቢያንስ 5 ኢንች ከሩብ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት 5 ኢንች ነው። ጠንካራ ቅርፊት ያላትን ሴት ይዞ መሄድ ለእኛ ለመዝናኛ አጥማጆች ክልክል ነው። ሆዱን ገልብጠው ልጆቹ ይለዩ፦ የወንዱ ሆድ ላይ ያለው ክዳን እንደ ሐውልት ቀጭንና ሹል ነው፣ የደረሰችው ሴት ክዳን እንደ ጉልላት ሰፊ ነው፣ የመቆንጠጫዋም ጫፍ ቀይ ነው። በቀን የሚፈቀደው ብዛት ስለሚለዋወጥ ከመሄድሽ በፊት የዓመቱን ደንብ ከሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ እዪ።

በባልዲ ውሃ ሞልታችሁ አታስቀምጡት! ውሃው ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ያልቅና ሸርጣኖቹ ታፍነው ይሞታሉ፤ የሞተ ሸርጣን ደግሞ አይበላም። ደረቅ ባልዲ፣ ላዩ ላይ በወንዙ ውሃ የራሰ ጆንያ፣ ጥላ ሥር። በቃ።

ዘንግ በእጅ
በእኔ እምነት ከሲባጎው ጎን አንድ ዘንግ ብትጨምሪ ጥሩ ነው፤ ሸርጣኑ ሲዘገይ ትልቁ ልጅ ሥራ ያገኛል። 6 ጫማ የሆነ ዘንግ፣ ቁጥር 6 መንጠቆ፣ 1 አውንስ የእርሳስ ብረት ክብደት። ወደ ሩቅ አያወርውር። ዋይት ፐርች የሚባለው አሳ የፒሩ ምሰሶዎች ሥር ስለሚሰበሰብ ክሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መልቀቅ ይበቃል፤ ካልተወረወረ መንጠቆውም የማንንም ጆሮ አይነካም። የመንጠቆውን የውስጥ ሾህ በፒንሳ ጨፍልቂው፣ ልብስም ቆዳም ላይ ቢገባ ሳይቀድ ይወጣል። ለምግቡ የደም ትል የሚሉትን ግዢ፣ ትሉ ግን ይናከሳልና አንቺው በመቀስ የጥፍር ቁመት ያህል ቆራርጪላቸው። አሳውን ሲይዙ ከራሱ ወደ ጭራው እጃቸውን አንሸራተው የጀርባውን እሾህ ይጫኑት፣ አለዚያ ይወጋል።

የሁለት ልጆች እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ሸርጣን አንበላም፤ ልጆቹ እንዲያዩት ብቻ ነው። አሳውን ግን እንበላለን። እና ቢቆነጥጣቸውስ?

ፓታክሰንት ዳር
«ክንፍና ቅርፊት ያለው» የምትዪ ከሆነ ፐርቹ ሁለቱም አለው፤ ካትፊሽ ቅርፊት የለውም፣ እሱን ብትመልሱት ይሻላል። ሸርጣኑን ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ አትወርውሩት፤ መረቡን ውሃ ውስጥ ዝቅ አድርጋችሁ ገልብጡት፣ ራሱ ዋኝቶ ይሄዳል።

የምግብ ጉጠት ያዢ፣ ልጆቹ በእሱ ይያዙት። በእጅ የሚያዘው ከኋላ፣ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ከሆነው እግር ሥር ብቻ ነው፤ መቆንጠጫው እዚያ አይደርስም። ከቆነጠጠ አትጎትቱት፣ በጎተታችሁት ቁጥር ያጠብቃል። እጅና ሸርጣኑን አንድ ላይ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ክተቱ፣ ይለቃል። ለዚሁ ብቻ ግማሽ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ከቤት ይዘሽ ነይ።

የቤቱን ውሃ ያልኩሽ በምክንያት ነው። በኦገስት ሙቀት በዚህ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፣ በቁስል በኩል ይገባል። እጁ ወይም እግሩ ላይ ክፍት ቁስል ያለበት ልጅ ወንዙን አይንካ። እዚያው ከተጫረ ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፕላስተር ይደረግበት፤ በማግስቱ ቀልቶ ካበጠ ሳትዘገዪ ሐኪም ጋ።

የሶሎመንስ ወዳጅ
ላይፍ ጃኬትም ፒር ላይ ይልበሱ፣ በተለይ ትንሹ። ከውስጥ የተጻፈውን የክብደት ልክ እዪ። አልብሰሽው ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል።