የመኖ ሙከራ ፔፐሬን ለዓሣ ጆርናል ልልክ ነው፣ ኤዲተሩ መጀመሪያ ምኑን ያየዋል?

ዓሣ_አጥኚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ቴሲሴን ወደ ፔፐር እየቀየርኩ ነው። ለጆርናል ልኬ ግን አላውቅም። ሥራው የመኖ ሙከራ ነው፦ የቆሮሶ ጫጩቶች፣ 3 ዓይነት መኖ፣ ለእያንዳንዱ መኖ 3 ታንክ፣ በየታንኩ 20 ዓሣ። ዳታው ተተንትኗል፣ ጽሑፉም ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። አድቫይዘሬ «የጆርናሉን መመሪያ አንብበሽ አስተካክይና ላኪው» ብሎኛል። መመሪያውን ሳነበው ግን የሚያወራው በአብዛኛው ስለ መስመር ክፍተት፣ ስለ ሪፈረንስ አጻጻፍና ስለ ምስል ጥራት ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ሌላ ነው። ኤዲተሩ ፔፐሩን ሲከፍት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የት ነው? ለሪቪወር (ለገምጋሚ) እንኳ ሳይደርስ የሚመለሰው በምን ምክንያት ነው? እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ስለሆነ እሱም ያስጨንቀኛል። የምታውቁ ካላችሁ በግልጽ ንገሩኝ፣ አትራሩልኝ።

የታንክ_ሰው፦
እህቴ፣ እንግሊዝኛው ይቆይ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ከሆነና ሐሳቡ ከገባ ሌላው ይስተካከላል። ፔፐር የሚጥለው ሌላ ነገር ነው። እኔ ለጆርናሎች እገመግማለሁ፤ የመኖ ሙከራ ሲመጣልኝ አብስትራክቱን ቶሎ አልፌ ቀጥታ ወደ ሜተዱ (ሙከራው እንዴት እንደተሠራ ወደሚያስረዳው ክፍል) ነው የምወርደው፣ እዚያም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በስታቲስቲክሱ ውስጥ እንደ ናሙና የተቆጠረው ዓሣው ነው ወይስ ታንኩ?

ያንቺን እንየው። 180 ዓሣ አለሽ። መኖው የተመደበው ግን ለታንክ ነው፣ ለእያንዳንዱ ዓሣ አይደለም። አንድ ታንክ ውስጥ ያሉት 20 ዓሦች ውሃቸው አንድ ነው፣ ሙቀታቸው አንድ ነው፣ ጉልበተኛው ደካማውን ከመኖው ያባርረዋል፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይነካል። ስለዚህ 20 ራሳቸውን የቻሉ ማስረጃዎች ናቸው ማለት አይቻልም። የሙከራው አሃድ ታንኩ ነው፣ ያለሽ ደግሞ 9 ታንክ ነው። አኖቫ (የመኖዎቹን አማካይ የሚያወዳድረውን ስሌት) ስትሠሪ የስህተቱ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከናሙናው ቁጥር የመኖዎቹ ቁጥር ሲቀነስ የሚቀረው) 6 መሆን አለበት። 177 ከሆነ ዓሣው ተቆጥሯል ማለት ነው፣ ብዙ ኤዲተር በዚህ ብቻ ይመልሰዋል። ይሄ፣ የአንድ ታንክ ዓሦችን እንደ ተለያየ ናሙና መቁጠሩ፣ ሱዶሪፕሊኬሽን የሚባለው ነው፤ የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ስቱዋርት ኸርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 በሰፊው ከጻፈበት ጀምሮ ሪቪወሮች ነቅተው ይጠብቁታል።

ቀጥሎ የማየው የመኖ ልወጣ ምጣኔውን (ለአንድ ኪሎ ጭማሪ ስንት ኪሎ መኖ እንደወጣ) ነው። የተሰጠውን መኖ ነው ለክብደት ጭማሪው ያካፈልሽው ወይስ የተበላውን? ያልተበላው ተሰብስቦ ተመዝኗል? ይሄ ሳይጻፍ ቁጥሩን ከሌላ ጥናት ጋር ማወዳደር አይቻልም። የሞቱ ዓሦችስ ክብደታቸው ስሌቱ ውስጥ ገብቷል? የመኖው የቅመራ ሠንጠረዥ ድምሩ 100 ይመጣል? ፕሮቲኑ በላብራቶሪ የተለካ ነው ወይስ ከመጽሐፍ የተሰላ? የውሃውን ሙቀት፣ የሟሟ ኦክስጅን፣ ፒኤችና አሞኒያ በየስንት ጊዜው እንደለካሽ ጻፊ። «የውሃው ጥራት ተስማሚ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ታንኮቹ ለየትኛው መኖ እንደሚሆኑ በዕጣ ተለይተው ከሆነም ተናገሪው፣ ብዙ ሰው ሠርቶት ሳይጽፈው ይቀራል።

ስምና_ክንፍ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ሰው የሚንቀውን ነው፣ የዝርያውን ስም። ቆሮሶን መጀመሪያ ስትጠሪው ሙሉውን ሳይንሳዊ ስም ከነሰያሚው ጻፊ፦ ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲከስ (ሊኒየስ፣ 1758)። ከዚያ በኋላ ዘሩን አሳጥረሽ መቀጠል ትችያለሽ። ቅንፉ ጌጥ አይደለም። ሊኒየስ ይህን ዓሣ መጀመሪያ ፐርካ በሚባለው ዘር ውስጥ ነበር ያስገባው፣ በኋላ ዘሩ ስለተቀየረ ስሙና ዓመቱ በቅንፍ ይቀመጣል። የጋራው ካርፕ ግን እስከ ዛሬ በዚያው በሳይፕሪነስ ዘር ውስጥ ስላለ የሊኒየስ ስም ያለ ቅንፍ ነው የሚጻፈው። የዓሣ ጆርናል ኤዲተር ይህ ተስቶ ካየ ሌላውንም መጠርጠር ይጀምራል፣ በበኩሌ አልፈርድበትም። የኤሽማየርን የዓሣዎች ካታሎግ ክፈቺ፣ የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚ በነጻ ያስቀመጠው ነው፣ ትክክለኛው ስም እዚያ አለ። ፊሽቤዝ የሚባለው የኢንተርኔት የዓሣ መረጃ ቋትም ይረዳል፣ ስም ለማጣራት ግን እኔ ካታሎጉን አስቀድማለሁ።

ርዝመት ለክተሽ ከሆነ ደግሞ የትኛው ርዝመት እንደሆነ ተናገሪ። ጠቅላላ ርዝመት፣ እስከ ጭራው ሹካ ያለው ርዝመትና ጭራውን የማይጨምረው መደበኛ ርዝመት ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ዝም ብሎ «ርዝመት» የሚል ሠንጠረዥ ለሌላ ተመራማሪ አይጠቅምም።

ሌላው የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ የሰጠውን ኮሚቴና የፈቃዱን ቁጥር ሜተዱ ውስጥ አስገቢ። ዓሣዎቹ ሲመዘኑ በምን እንደደነዘዙ፣ መጠኑ በሊትር ስንት እንደሆነ፣ በመጨረሻ እንዴት እንደተገደሉ ይጻፍ። ብዙ ጆርናሎች የአራይቭ መመሪያን (የእንስሳት ሙከራ ሲጻፍ ምን መካተት እንዳለበት የሚናገረውን) ይጠይቃሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰውን ተጠቀሚ። ይሄ እንደ ቢሮክራሲ እንዲታይ አልፈልግም፣ ዓሣም ሕመም የሚሰማው እንስሳ ነው።

ዓሣ_አጥኚዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ነው ያበራችሁልኝ። የታንኩን ነገር አይቼ በየታንኩ አማካይ ሠራሁት። በአዲሱ መኖና በመነሻው (ለማወዳደሪያ በተቀመጠው) መኖ መሃል ያለው የእድገት ልዩነት ፒ ቫልዩው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል) 0.08 መጣ። አሁን ፔፐሩ ይወጣል? አንድ ጓደኛዬ ሚክስድ ሞዴል (ታንኩንም ዓሣውንም አንድ ላይ የሚያሰላ ስሌት) ከተጠቀምሽ 180ዎቹን ዓሦች ማዳን ትችያለሽ ብሎኛል።

የታንክ_ሰው፦
ይወጣል፣ አትፍሪ። ግን በሚክስድ ሞዴሉ እንዳትታለዪ። ታንክን እንደ ራንደም ኢፌክት (ከታንክ ታንክ በአጋጣሚ የሚለያይ ነገር) ካስገባሽ ሞዴሉ ትክክል ነው፣ ሆኖም መኖዎቹን የሚያወዳድረው አሁንም በእነዚያው 9 ታንኮች ነው። ዓሣ በመጨመር ታንክ አይጨመርም። በየታንኩ ውስጥ መጠናቸው ምን ያህል እንደተራራቀ ለማሳየት ግን ጥሩ ነው፣ ለዚያ ተጠቀሚበት።

0.08ን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ነገር አታድርጊ። «ወደ ትርጉም ያዘነበለ ልዩነት» ብለሽ አትጻፊ። ሌላ ቴስት እየቀያየርሽም ከተለመደው መቁረጫ ከ0.05 በታች እስኪወርድ አትፈልጊ። ልዩነቱን በግራም ወይም በመቶኛ ጻፊው፣ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን (እውነተኛው ልዩነት ሊሆን የሚችልበትን ክልል) አስከትይ፣ ከዚያ አንባቢው ራሱ ይመዝን። ኢንተርቫሉ ሰፊ ከሆነ 3 ታንክ ለዚህ ጥያቄ አነስተኛ እንደነበር ዲስከሽኑ ላይ በግልጽ ተናገሪ። «ልዩነት አልተገኘም» እና «ሁለቱ መኖዎች እኩል ናቸው» አንድ እንዳልሆኑም ልብ በይ፣ በተለይ አዲሱ መኖ ርካሽ ስለሆነ የድሮውን ይተካል ልትዪ ከሆነ። ግራፉም ላይ አማካይ ብቻ በባር አታስቀምጪ፣ የ9ኙንም ታንኮች ነጥብ አሳዪ። እንዲህ ዓይነት ሐቀኛ ፔፐር ሲመጣልኝ ከልቤ ደስ ይለኛል፣ እንዲያልፍም እከራከርለታለሁ።

ረቂቅ_ሰባት፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፣ ጆርናሉ ራሱ ትክክለኛው ነው ወይ? ሳይገመገም ለሚመለስ ፔፐር ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ጆርናል ኦፍ ፊሽ ባዮሎጂ የዓሣን ሥነ ሕይወት ይፈልጋል፣ የመኖ ቅመራ ማወዳደር ግን እንደ አኳካልቸር ኒውትሪሽን ዓይነቱ ጋ ነው ቦታው። የምትልኪለት ጆርናል በቅርብ ያወጣቸውን ፔፐሮች አርዕስት አገላብጪ። ያንቺን የሚመስል ካላገኘሽ ቀይሪ። ለሁለት ጆርናል በአንድ ጊዜ መላክ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

ስለ እንግሊዝኛው ከታንክ ሰው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሜተዱ ጥሩ ሆኖ አብስትራክቱ ካልገባው ኤዲተሩ እስከ ሜተዱ ላይደርስ ይችላል። ጉልበትሽን አርዕስቱ፣ አብስትራክቱና ከፔፐሩ ጋር የሚላከው ደብዳቤ ላይ አውይው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ ምን ተገኘ፣ ለዚህ ጆርናል አንባቢ ለምን ይጠቅማል። አብስትራክቱን መልሰሽ አትገልብጪበት። ቋንቋውን በኤአይ ካስተካከልሽ ጆርናሉ በሚጠይቀው መሠረት አሳውቂ፣ እንደ ደራሲ ግን አይጻፍም።

የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል ከመላክሽ በፊት በኢሜይል አስወስኚ፣ ሁሉም የመጨረሻውን ረቂቅ አንብበው እሺ ይበሉ። ስሙ ሳያውቅ የገባ ሰውም ሆነ ሠርቶ የተዘለለ ሰው በኋላ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። የየታንኩን ዳታ ዜኖዶ ወይም ድራያድ በሚባሉት የዳታ ማስቀመጫ ድረ ገጾች ላይ ለመጫን አዘጋጂው፣ የየዓምዱን ትርጉም የሚያስረዳ ፋይል ጨምረሽ።

ስምና_ክንፍ፦
በየመስመሩም ቁጥር ይኑር። ሪቪወሩ «መስመር 212 ላይ» ብሎ ነው የሚጽፍልሽ፣ ከሌለ አስተያየቱ ደፈናዊ ይሆናል። አዲሱን አብስትራክት ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ እናየዋለን።