ሁለት የኮሌስትሮል ውጤት፣ ሁለት ኤልዲኤል፦ የትኛውን ልመን?

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳና ስታዲየም አካባቢ ባሉ ሁለት ላብራቶሪዎች የተሠራ የአንድ ሰው ውጤት አልገጥም ብሎኛልና የምታውቁ እርዱኝ። ተመርማሪው የ52 ዓመት ወንድ ነው፤ አያጨስም፤ የላይኛው የደም ግፊቱ 138 ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት በሚሊግራም በዴሲሊትር፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 238፣ ኤችዲኤል («ጥሩው» ኮሌስትሮል) 38፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) 430፣ ኤልዲኤል («መጥፎው» ኮሌስትሮል) 114። ደሙ የተቀዳው ጥብስ ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ኤልዲኤሉ አልተለካም፣ ተሰልቷል፦ 430 ለ5 ሲካፈል 86፤ እሱና 38 ከ238 ሲቀነሱ 114። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ግን ይህ ስሌት አይታመንም፤ ኤልዲኤልን አሳንሶ ያሳያል። አጠገቡ «ኖርማል» መባሉ በጣም አሳስቦኛል።

ሁለተኛው ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ሳይበላ የተሠራ ነው (የጾም ምግብም፣ ስኳር ያለው ሻይም ሳይቀመስ፣ ውሃ ብቻ)። በሚሊሞል በሊትር በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 5.9፣ 1.0፣ 3.1፣ 3.5 ይላል። ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ለመቀየር ኤልዲኤሉ በ38.67 ሲባዛ 135 ገደማ ይመጣል። ትራይግሊሰራይድ የሚባዛው ግን በ88.57 ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄዬ፦ ኤልዲኤሉን ትቼ ከጠቅላላው ኤችዲኤል ተቀንሶ የሚቀረውን፣ ማለትም በሚሊግራም በዴሲሊትር 200 እና 189ን ልከተል ወይስ በቀጥታ የሚለካ ኤልዲኤል ይታዘዝ? የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 የልብ ስጋት ሰንጠረዥ ደግሞ የስኳር በሽታ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል፤ የሦስት ወር ስኳር ምርመራው እስኪሠራ ያለ ላብራቶሪ በሚሞላው ሰንጠረዥ ብጀምር ያስኬዳል?