«በፈቃዱ ነው የወጣው»

ተከራይ ከጀሞ፦ ትናንት እዚሁ ቡድን ላይ ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ ስናወራ አንድ አከራይ «እኔ ማንንም አላስወጣሁም፣ ተከራዬ በፈቃዱ ነው የወጣው» ብሎ ጻፈ። አንብቤ ደሜ ፈላ። ልጆቹ ትምህርት ላይ እያሉ፣ በኅዳር ወር፣ በፈቃዱ ቤት የሚለቅ ሰው ማን ነው? መጋቢት 24 ቀን 2016 አዋጅ 1320 ከጸደቀ ወዲህ የአዲስ አበባ ተከራይ ሁሉ ድንገት ፈቃደኛ ሆነ ማለት ነው?

ባለ 20/80፦ ያ አከራይ እኔ ነኝ፣ ምን አስደበቀህ። ደግሜ እላለሁ፣ በፈቃዱ ነው የወጣው። ልጨምር ነው አልኩት፣ አልችልም አለኝ፣ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ፖሊስ አልጠራሁም፣ በር አልሰበርኩም።

የአባዶዋ፦ ራስህን ከሰስክ እኮ ወንድሜ 😂 ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ። «ልጨምር ነው» የምትለው በየትኛው ሕግ ነው?

ባለ 20/80፦ ተቆጣጣሪው አካል የባንክ ዕዳዬን ይክፈልልኛ! የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሰኝ የተረከብኩት ባዶ ግድግዳ ነው። ወለሉን ያስነጠፍኩ እኔ፣ ቧንቧውን ያስገጠምኩ እኔ። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር ለገበያ ሲለቀቅ ዘይቱም ሲሚንቶውም ሲወደድ እኔን ማን አማከረኝ? እኔስ በፈቃዴ ነው የምኖረው?

ተከራይ ከጀሞ፦ ዘይቱን እኔም እገዛለሁ። እስቲ ለባንክ በወር ስንት ትከፍላለህ? ኪራይስ ስንት ትቀበላለህ? ሁለቱን ቁጥር ጻፍና እንፍረድ።

ሰሚት፦ ስለ «ፈቃድ» ካነሳችሁ የእኔን ስሙ። አከራዬ አንድም ቀን ውጣ አላሉኝም። መጀመሪያ ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው አሉ። ቀጥሎ የሮቶው ውሃ ለእኛ ብቻ መድረስ አቆመ። ከዚያ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ምጣድ በሳምንት አንዴ ብቻ ተባለ። ሚስቴ በጄሪካን ውሃ እያመላለሰች ወር ሞላን። ከዚያ በፈቃዴ ወጣሁ። ልጃቸውን ግን እስከ ዛሬ ያየው የለም። ቤቱ በእጥፍ ተከራይቷል።

የአባዶዋ፦ ወረዳ አልከሰስክም?

ሰሚት፦ ሄድኩ። «የተመዘገበ ውል አምጣ» አሉኝ። ውሉ ያለው እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ደላላ ነኝ (አትሳደቡ)፦ ሁላችሁም የምታውቁትን አትናገሩም። ዛሬ አንድ ቤት ሁለት ውል አለው። ወረዳ የሚመዘገበው 8 ሺህ ይላል። ትክክለኛው 15 ሺህ ነው። ስምንቱ በባንክ ይገባል፣ ሰባቱ በእጅ። አከራዩ ተከራይ ጠልቶ አይደለም፣ የኪራይ ገቢ ግብር እስከ 35 በመቶ ይደርሳላ። ይሄን እምቢ የሚል ተከራይ ሳመጣ «ሌላ ፈልግ» ነው የምባለው። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል አዋጁ፣ እስቲ ስድስት ወር የማይጠይቅ ቤት አሳዩኝ።

ተከራይ ከጀሞ፦ አንተ ደግሞ በሁለቱም በኩል ኮሚሽንህን ትበላና ምስክር ትሆናለህ።

ደላላ ነኝ (አትሳደቡ)፦ አትሳደቡ ብዬ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ችግሩ ሕጉ አይደለም፣ አፈጻጸሙ ነው። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2023 ሕግ ወጥቶ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ አይበልጥም። አዲስ ሕንፃ ደግሞ ለ23 ዓመት ከዚህ ገደብ ነፃ ነው፣ ሰው መሥራቱን እንዳያቆም። ሁለቱንም ወገን አስበው ነው ያወጡት።

የአባዶዋ፦ እሰይ። አያት ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየምሽስ በስንት በመቶ ነው የሚጨምረው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሱን እህቴ ናት የምታስተዳድረው።

የአባዶዋ፦ በፈቃዷ ይሆናላ 😂

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ነገር ከሰው ጋር አታገናኚ። ሐሳብ ካለሽ በሐሳብ መልሺ።

ጋሽ ፒያሳ፦ ልጆች፣ አዋጅ ሲወጣ ያየሁት ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ67 አዋጅ 47 ትርፍ ቤት ወርሶ ኪራይ ቀነሰልን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። በጥቂት ብር ፒያሳ መሃል ኖርኩ። ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚያድስ ጠፋ፤ ቀበሌ በጀት የለኝም፣ እኔም ቤቱ የእኔ አይደለም። ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራም ጠፋ። ኋላ ለኮሪደር ልማት ፈረሰና ነገሩ አለቀ። ዋጋ ማሰር ቀላል ነው፣ ቤት መሥራት ነው የሚከብደው።

ባለ 20/80፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ይኸው እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

ጋሽ ፒያሳ፦ የለም፣ አንተን አልደገፍኩም። የሰውን ውሃ ዝጋ አላልኩም።

ባለ 20/80፦ ውሃ የዘጉት የሰሚቱ ሰውዬ ናቸው! እኔ የዘጋሁት የለም። እኔን ከሳቸው ጋር ምን አገናኘኝ?

ሰሚት፦ እሳቸውም ወረዳ ሲጠየቁ «በፈቃዱ ነው የወጣው» ነው ያሉት። ቃል በቃል።

ደላላ ነኝ (አትሳደቡ)፦ ጋሼ ልክ ናቸው። አዋጁ የጠቀመው ቤት ውስጥ ለተገኘው ነው። አሁን ፈላጊ የሆነ ሰው፣ ያገባ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ምን ይሁን? አከራይ ሁለት ዓመት እንደማይነካው ስላወቀ የሁለት ዓመቱን ጭማሪ ዛሬውኑ ደምሮ ይጠራል።

የአባዶዋ፦ ስለዚህ ሕጉ ይሰረዝ? በየሦስት ወሩ «ጨምሪ ወይ ልቀቂ» ወደምንባልበት እንመለስ? እኔ ውሌን አስመዝግቤ ዘንድሮ ከነልጆቼ በሰላም ተኝቻለሁ። አከራዬ ሰላም አይሉኝም፣ አይበሉ።

ተከራይ ከጀሞ፦ ባለ 20/80፣ ጥያቄዬን አልመለስክም። ለባንክ ስንት፣ ኪራይ ስንት?

ባለ 20/80፦ ምነው፣ ገቢዎች ነህ እንዴ?

ተከራይ ከጀሞ፦ ወረዳ ያስመዘገብከውን ብቻ ንገረና።

ደላላ ነኝ (አትሳደቡ)፦ 🙊