ጥያቄ፦ አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ «የፀሐይ ነፋስ» ከየት ይመጣል?

የኮዬዋ መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ትናንት የፀሐይ ነፋስ ጨረቃን ይመታል ስል አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጨረቃ ላይ አየር የለም ብለውን ነበር። ታዲያ ነፋሱ ከየት መጣ?» አለችኝ። ለሰኞ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ። ቤተ ሙከራ የለንም። በቀላሉ የማሳይበት ዘዴ ያላችሁ እርዱኝ።

የለገጣፎው
እህቴ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው፤ የሚያሳስተው ስሙ ነው። ነፋስ ይባል እንጂ አየር አይደለም። ከፀሐይ የሚወጣ የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጅረት ነው፤ ጥቂት ሂሊየምም አለበት። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ጅማ ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ግን በጣም ስስ ነው። ምድር አጠገብ ሲደርስ ስኳር ቁራጭ በምታህል ቦታ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ፕሮቶን ቢገኝ ነው። እንደኛ ሰፈር ነፋስ አቧራ ጠርጎ አይወስድም።

ምድርን መግነጢሳዊ መስኳና አየሯ ይጋርዷታል። ጨረቃ ይህ ጋሻ ስለሌላት ቅንጣቶቹ በቀጥታ አፈሯ ውስጥ ይሰነቀራሉ። በ1969 (እ.ኤ.አ.) የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች የአሉሚኒየም ፎይል እንደ መጋረጃ ዘርግተው 77 ደቂቃ ፀሐይ ፊት አቆሙት። ጠቅልለው ካመጡት በኋላ ሲመረመር ከፀሐይ የመጣ ሂሊየምና ኒዮን ተገኘበት። ይህን ይንገሯቸው፣ ልጆች ይወዱታል።

የሰንዳፋ አባት
መምህርት፣ ማሳያውን እኔ ልንገርዎት። ግቢዬ ውስጥ ሰማያዊ በርሜል አለ። ፀሐይ መትቶት ነጥቷል። ባለፈው ሳምንት ወገቡ ላይ የታሰረውን ጎማ ስፈታው ከሥሩ ልክ እንደ አዲስ ሰማያዊ የሆነ ቀለበት ወጣ። የተከለለው አልተነካም ማለት ነው።

ጨረቃ ላይም ራይነር ጋማ የሚባል ጥምዝምዝ ያለ ነጣ ያለ ቦታ አለ። እዚያ የሚገኝ አካባቢያዊ መግነጢሳዊ መስክ ቅንጣቶቹን ያስቀራቸዋል። ዙሪያው ያለው አፈር ግን ሲደበደብ ኖሮ ጠቁሯል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው። ቀለሙ የበርሜሉ ተቃራኒ መሆኑን ብቻ አይርሱ፦ የኔ በርሜል ሲመታ ይነጣል፣ የጨረቃ አፈር ሲመታ ይጠቁራል።

የኮዬዋ መምህርት
ጋሼ፣ በጣም ግሩም ነው! ግን ልጆቹ የፀሐይ ብርሃንና የፀሐይ ነፋስ አንድ ነው ብለው እንዳይይዙ ፈራሁ።

የሱሉልታዋ
ፍርሃትሽ ልክ ነው። ሁለት ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው፦ ብርሃን ከፀሐይ እኛ ጋ በ8 ደቂቃ ይደርሳል፣ የፀሐይ ነፋስ ግን 4 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ያኔ አያምታታቸውም።

ሌላም ልጨምርልሽ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሐል ናት። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ ከፀሐይ በተቃራኒው በኩል እንደ ጅራት ረዝሞ ይዘረጋል። ጨረቃ በዚያ ጅራት ውስጥ ስታልፍ ለጥቂት ቀናት ከነፋሱ አብዛኛው አያገኛትም። ጨረቃ የምትሞላበትን ማታ የቤት ሥራ ስጫቸው፤ ደጅ ወጥተው ይዩዋትና ማን እንደከለላት ጽፈው ያምጡ።

የኮዬዋ መምህርት
ተባረኩ። ጋሼ፣ ያን ጎማ መልሰው አይሰሩት። እሁድ መጥቼ በርሜሉን ፎቶ አነሳዋለሁ።