ከድሮ የድንጋይ ቢሮ ጋር አዲስ ጂ+3 ማገናኘት (የውይይት ገጽ፤ ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጸሐፊው የብዕር ስም ነው)

ባለ ማስመሪያው
አዲስ አበባ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ጂ+1 የመንግሥት ቢሮ ነው። ግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ በኖራ፣ ወለሉ እንጨት። ከኋላው ጂ+3 የአርማታ ሕንፃ ይጨመራል። የድሮው የወለል ከፍታ 4.20 ሜትር፣ የአዲሱ 3.30 ነው። አሠሪው «አንድ ሕንፃ ይምሰል» ብሎ አዲሱን ከድሮው ግድግዳ ጋር አያይዛችሁ ድንጋይ አልብሱት ይላል። ያስኬዳል?

ሶሌታ
አታያይዙት። ድንጋዩ ግትር ነው፣ የአርማታው ፍሬም ይወዛወዛል። ከፍታዎቹ ስለማይገጥሙ ደግሞ ርዕደ መሬት ሲመጣ የአዲሱ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ጠርዝ የድሮውን ግድግዳ ወገቡ ላይ ይመታዋል። በመሃል ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚሆን የብረትና የመስታወት መተላለፊያ አድርጉ፤ ጭነቱን አዲሱ ብቻ ይሸከም፣ ወደ ድሮው ሕንፃ በነበረ በር ይግባ። መተላለፊያው ከድሮው ግድግዳ የሚርቅበት ክፍተት በኢኤስ ኢኤን 1998 (የኢትዮጵያ የርዕደ መሬት ዲዛይን ደረጃ) ይሰላል፦ ሁለቱ ሕንፃዎች በርዕደ መሬት ወደ ጎን የሚሄዱበት ርቀት ካሬያቸው ተደምሮ ስኩዌር ሩት። 60 እና 10 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ 61 ያህል ይመጣል። ልሳኙ በሲሚንቶ ከደፈነው ግን ክፍተት የለም ማለት ነው።

በአንደኛ ፎቅ ወለሎቹ መካከል ያለውን የ90 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በራምፕ እፈታለሁ ካላችሁ በ1፡12 ተዳፋት 10.80 ሜትር ይፈጃል፣ ማረፊያው ሳይቆጠር። የአዲሱን ምድር ቤት ከፍታ 4.20 ብታደርጉት ይቀላል።

መሠረት
ከሁሉ በፊት ሦስት ቦታ ቆፍራችሁ የድሮው መሠረት የት እንደሚያልቅ እዩ። ከታችኛው ጠርዙ በ45 ዲግሪ ወደ ታች ከሚወርደው መስመር በታች ከቆፈራችሁ ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። የመጀመሪያውን ኮለን (ምሰሶ) አርቃችሁ ወለሉን በካንቲሊቨር (ከምሰሶው አልፎ በተንጠለጠለ ወለል) አምጡት። አፈሩ ጥቁር (ሲረጥብ የሚያብጥ ዓይነት) ከሆነ ጉድጓዱ ለክረምት ክፍት አይደር። የነበረ ስንጥቅ ላይ ጂፕሰም ለጥፋችሁ ቀን ጻፉበት፤ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው።

ባለ ማስመሪያው
የድንጋይ ልባሱስ?

ኖራና አሸዋ
ማዕዘኑ ላይ የ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረቱ ይታያል፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ጎን የውሸት መሆኑን ማንም ይለየዋል። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር (ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና መርህ) በአንቀጽ 13 የሚጠይቀው ጭማሪው የነባሩን ሚዛን እንዳይሰብር ነው፣ እንዲመሳሰል አይደለም። እኔ ቀላል ኖራ ቅብ እመርጣለሁ። ለማንኛውም በቅርስ አዋጅ 209/1992 መሠረት ድንጋዩ ከመነካቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

የድሮውን ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑ፣ እርጥበቱን አምቆ ልስኑን በጨው ያራግፈዋል። ኖራና አሸዋ 1፡3 ይበቃል። ከሁሉ የሚበላሸው ጣሪያዎቹ የሚገናኙበት አሸንዳ ነው። ላሜራውን ግድግዳው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር አውጡት፣ ጫፉን በመጋጠሚያው ኖራ ውስጥ እንጂ በድንጋዩ ላይ አትቅበሩት።