የእንግሊዝኛ ቃላት እየሸመደድኩ አልያዝ አሉኝ፤ ምን ይሻላል?

ሲስተር ከአዘዞ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነኝ፤ በነርስነት እሠራለሁ። የውጭ ስኮላርሺፕ ልሞክር ብዬ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የዕለት ተዕለቱ እንግሊዝኛ ብዙም አያስቸግረኝም። ጠንከር ያለ ጽሑፍ ላይ ስደርስ ግን በየመስመሩ ሁለት ሦስት ቃል ያቆመኛል። እስካሁን መዝገበ ቃላት ከ"ኤ" ጀምሬ ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ነበር፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ማታ የያዝኩት ጠዋት የለም። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነብኝ። የአዳር ተራ ስላለብኝ ኮርስ መግባት አይመቸኝም። ኢንተርኔቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከምን ልጀምር?

የአራዳ ልጅ

እህቴ ይሄማ ቀላል ነው። የጂአርኢ ቃላት ፒዲኤፍ አለኝ፣ በቴሌግራም ልላክልሽ። ከባድ ከባዱን ከያዝሽ ቀላሉ ራሱ ይመጣል።

የማራኪ መምህር

ልጄ፣ ያን ፒዲኤፍ ለጊዜው ተዪው። የአራዳው ወንድማችን አይቀየመኝ እንጂ ጂአርኢ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚወሰድ ሌላ ፈተና ነው። እዚያ ካሉት ቃላት ብዙዎቹን አንቺ በምታነቢያቸው ጽሑፎች ውስጥ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የምታገኚያቸው። ደግሞ ደጋግመሽ የማታገኚው ቃል አይያዝም።

ለአንቺ የሚሆነው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር የሚባለው ነው። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ነው። 3.5 ሚሊዮን ቃላት ገደማ ያለው የአካዳሚክ ጽሑፍ ሰብስባ፣ በሕግም በሳይንስም በንግዱም የሚደጋገሙትን ለየች። ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን 2,000 ያህል ቃላት አስቀድማ አወጣቻቸው። የቀሩት 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው። ቤተሰብ ማለት አናላይዝ፣ አናሊሲስ፣ አናሊቲካል ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከአካዳሚክ ጽሑፍ ወደ 10 በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍኑት እነዚህ ናቸው። ዝርዝሩ 10 ክፍል አለው፤ በጣም የሚደጋገሙት በመጀመሪያው ክፍል ናቸው። በነጻ ይገኛል። አንዴ አውርደሽ አትሚው።

መዝገበ ቃላት ከ"ኤ" ጀምሮ መገልበጡ ይቅርብሽ። ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነ፣ ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀ ያዢ። ሎንግማንን ብትወስጂ ፍቺውን የሚሰጥሽ በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ነው። ስለዚህ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ መዝገበ ቃላት አያስፈልግሽም። አማርኛውን ከጎኑ ብትጽፊ ክፋት የለውም፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ፋሲል ግቢ አስጎብኚ

እኔ እንጀራዬ ምላሴ ነው፤ ኮርስ የሚባል አልወሰድኩም። መጀመሪያ ላይ ግንቡን ሁሉ "ቢግ"፣ "ኦልድ" እያልኩ ነበር የማስጎበኘው። እንግዳው ደግሞ ጠያቂ ነው። ማን ሠራው፣ በምን ሠራው፣ ይቺ ማማ ለምንድን ናት? ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ፦ ስለ ግንብ አሠራርና ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ። ዛሬ ስለ ግንብ፣ ነገ ስለ እግር ኳስ አላልኩም። አንድ ርዕስ ላይ ስትቆዪ ያው ቃል እየተመላለሰ ይመጣብሻል። ቱሬት፣ ዶም፣ ባትልመንት... ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ መዝገበ ቃላት መግለጥ ትተዋለሽ። በነጋታው ደግሞ እንግዳ ፊት አወጣዋለሁ። "ሶሪ?" ካለኝ አነጋገሬን አስተካክላለሁ፤ ወዳጄ ዝም ካለ ደግሞ ገብቶታል ማለት ነው ሃሃ።

አንቺም ስለ ደም ግፊት ብቻ ወይም ስለ ወሊድ ብቻ አሥር ያህል ጽሑፍ ደርድሪና አንብቢ። ሥራሽ ስለሆነ ሐሳቡን ታውቂዋለሽ፤ የሚቀርሽ ቃሉ ብቻ ነው። ጮክ ብለሽ አንብቢው እሺ።

ካርድ ቆራጩ

ኢንተርኔት ላልሽው፣ አንኪድሮይድ የሚባል አፕ አለ። አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፤ አይፎን ላይ ግን ያለው አንኪሞባይል የሚባለው ነው፣ እሱ ያስከፍላል። ከጫንሽው በኋላ ያለ ዳታ ይሠራል። የያዝሽውን ቃል እያራራቀ፣ የሚጠፋሽን ቶሎ ቶሎ እያመጣ ይጠይቅሻል።

እኔ ግን ወረቀት ይሻለኛል። መብራት ሲጠፋ ስልክም አብሮ ይሞታላ። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመደው ዘዴ ነው። ካርቶን በትንሽ በትንሹ ቁረጪና ሦስት ፖስታ አዘጋጂ። አንደኛው በየቀኑ ይታያል፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ። ያወቅሽው ካርድ ወደሚቀጥለው ፖስታ ያልፋል። የሳትሽው ከየትም ይምጣ ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ ምሕረት የለውም። የዕለቱ ካርድ ጋዎን ኪስ ውስጥ ይገባል።

ሲስተር ከአዘዞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት አዳር ላይ የመጀመሪያውን ካርድ ሠራሁ። ፊት ለፊቱ "ፕሬቫለንስ"፣ ጀርባው "ስርጭት"። ልክ ነኝ መምህር?

የማራኪ መምህር

ግማሹ ልክ ነው። ቃሉን ብቻውን አታስቀምጪው፤ ከጓደኞቹ ጋር ጻፊው። "ዘ ፕሬቫለንስ ኦፍ አኒሚያ ኢዝ ሃይ" በይና "ፕሬቫለንስ" የሚለውን ባዶ ተዪው። ባዶውን መሙላት ነው ሥራሽ። ያኔ "ኦፍ" እንደሚከተለው፣ "ሃይ" እንጂ "ቢግ" እንደማይባል አብሮ ይገባሻል። ከጀርባው ቃሉን፣ አነጋገሩንና ቤተሰቡን ጻፊ፦ ፕሬቫለንት፣ ፕሬቬል።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። አይኤልትስ የጽሑፍ ፈተናው ላይ አራት መመዘኛ አለው፤ አንዱ የቃላት አጠቃቀም ሲሆን 25 በመቶ ይይዛል። ፈታኙ የሚያየው ቃሉ ቦታው ላይ መዋሉን ጭምር ነው። ከባድ ቃል ያለ ቦታው ከምትሰነቅሪ ቀላሉን በትክክል ብትጽፊ ይሻልሻል።

ሲስተር ከአዘዞ

ገባኝ። በቀን ስንት ልያዝ?

ካርድ ቆራጩ

አዲስ ከስምንት እስከ አሥር፤ ከዚያ አትለፊ። አዳር በምትገቢበት ቀን አዲስ አትጨምሪ፣ የድሮውን ብቻ ከልሺ። ካለበለዚያ አንደኛው ፖስታ ይሞላና ትሰለቺያለሽ።

የአራዳ ልጅ

እሺ እኔስ ፒዲኤፉን ምን ላድርገው?

የማራኪ መምህር

አስቀምጠው ልጄ። 570ውን ስትጨርስ እሷው ትጠይቅሃለች። አንተ ራስህ ግን እስከ ስንተኛው ገጽ ደርሰሃል?

የአራዳ ልጅ

"ኤ" ላይ ነኝ ጋሼ 😅